የሉሉ ብድር

ውሻ በአማርኛ ጽሑፋችን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገባል፤ ውሻ ሆኖ የሚገባበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዴ ስድብ ሆኖ፣ አንዳንዴ ምሳሌ ሆኖ ይመጣል። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ስንል የምናወራው ስለ ሰው ገመና ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንልም የምናማው ለእንጀራው ያደረውን ሰው ነው። ደጃፋችን ላይ ተኝቶ ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ሲል የሚጮኸው ፍጡር ከተረቱ ውስጥ የለም፤ ስሙን አበድሮን ከውጭ ቀርቷል። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ የሰው ገንዘብ የምቆጥር፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ ለመቋጠር የምሞክር ሰው ነኝና «ብድር» የሚለው ቃል ይከነክነኛል። አባቶቻችን «ብድር በምድር» ይላሉ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ለአንዲት ትንሽ ውሻ ያለብንን ብድር ነው።

ከአገራችን ምድር ተነሥታ የዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ የገባችው ይህች ውሻ ሉሉ ትባላለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጭን ውሻ ነበረች፤ ዘሯ ቺዋዋ ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥታለች፤ ስትሞትም በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት በምንለው ግቢ፣ በአትክልቱ ሥፍራ ተቀብራ የመቃብር ድንጋይ ቆሞላታል። በሴት ጾታ የምጠራት ስለ ጾታዋ ለመመስከር አይደለም። አማርኛችን ትንሽና የሚወደድን ነገር ሁሉ «እሷ» እያለ ስለሚያባብል ነው።

ሉሉን ለዓለም አንባቢ ያስተዋወቃት ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው «ንጉሠ ነገሥቱ» በተሰኘው መጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ አንድ የቀድሞ የቤተ መንግሥት አገልጋይ ይናገራል። በተናጋሪው አባባል ውሻዋ በሥነ ሥርዓት ጊዜ ከንጉሡ ጭን ወርዳ የባለሥልጣናቱ ጫማ ላይ ትሸናለች፤ እነሱም እግራቸው እየራሰ ንቅንቅ አይሉም፤ የእርሱ ሥራ ደግሞ እየዞረ ጫማ በጨርቅ መጥረግ ነው፤ ያውም ለ10 ዓመት። ይህ ትዕይንት እውነት ይሁን ፈጠራ ብዙ አከራክሯል። የኢትዮጵያን ታሪክ በማጥናት የሚታወቁት አሜሪካዊው ሃሮልድ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ መጽሐፉን አምርረው ተችተዋል፤ እንደ ታሪክ ምንጭ የተቀበሉትንም ሐያስያን ወቅሰዋል። የእኔ ጥያቄ ግን ከዚህ ይለያል። ትዕይንቱን የካዱትም ያደነቁትም አንባቢዎች የተከራከሩት ስለ ንጉሡ ነው። ስለ ውሻዋ የጠየቀ አላጋጠመኝም።

ጸሐፊው ራሱ ሉሉን የጃፓን ዘር ያደርጋታል። ቺዋዋ ግን ስሟን ያገኘችው በሰሜን ሜክሲኮ ከሚገኝ ግዛት ነው። የአሜሪካ የውሻ ማኅበር የመጀመሪያዋን ቺዋዋ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ክብደቷ እንደ ደንቡ ከ3 ኪሎ ግራም አይዘልቅም፤ ይህ ማለት ገና ከተወለደ ሕፃን እምብዛም አትበልጥም ማለት ነው። ብዙዎቹ ቺዋዋዎች አናታቸው ላይ እንደ ሕፃን እርግብግቢት ያለ፣ አጥንት ያልሸፈነው ለስላሳ ቦታ ይዘው ይወለዳሉ፤ ከእነዚህ መካከል ዕድሜ ልኩን የማይገጥምላቸው አሉ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህችን ፍጡር በዓይነ ኅሊናህ በዚያ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ አቁማት። ከምድር እስከ ትከሻዋ አንድ ስንዝር ገደማ ነው። በዙሪያዋ የምታየው ጫማ ብቻ ነው፤ የተወለወለ፣ ጥቁር፣ ከራሷ የሚተልቅ ጫማ።

የቺዋዋን ጠባይ የሚያውቁ ሰዎች አንድ ነገር ይነግሩናል። ይህ ዘር ከቤተሰቡ ሁሉ መርጦ አንድ ሰው ይይዛል። ያንን ሰው እንደ ጥላ ይከተላል፣ ጭኑን እንደ አገር ይቆጥራል፣ የቀረውን ዓለም በጥርጣሬ ያያል። እንግዳ ሲመጣ ይጮኻል፤ ሲጨንቀው ይንቀጠቀጣል፤ ሲያስጨንቁት ይነክሳል። ሰዎች ይህንን ትዕቢት ይሉታል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃት ነው፤ እጅግ ትንሽ ሆኖ እጅግ ትልቅ በሆነ ዓለም ውስጥ የመኖር ፍርሃት። ትናንሽ ውሾች የሽንት ፊኛቸውም ትንሽ ነው፤ ሲፈሩ ወይም ሲደነግጡ ሳያስቡት ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ያ የመጽሐፍ ትዕይንት አንድ ጊዜም ቢሆን በእርግጥ ተፈጽሞ ከሆነ፣ ዓለም የንጉሥ ንቀት ብሎ ያነበበው የአንዲት ትንሽ ውሻ ድንጋጤ ሊሆን ይችላል። ባለ ጫማዎቹ ፈርተው አልተነቃነቁም፤ ውሻዋም ፈርታ ሸናች። በአዳራሹ ውስጥ ሁሉም ይፈራ ነበር ማለት ነው። ይህ ንባብ ለሥነ ጽሑፍም የሚጠቅም ይመስለኛል፤ ፍርሃት ከላይ እስከ ታች፣ ከሰው እስከ እንስሳ እንዴት እንደሚወርድ ያሳየናልና።

*

እዚህ ላይ አንድ የወሎ ሰው ቆም ብሎ ሊጠይቀኝ መብት አለው። «አንተ የከሚሴ ሰው አይደለህምን? ስለ ንጉሥ ውሻ ማዘን ያምርብሃልን?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ታሪክ አለው።

በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ የሚያሳይ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ። በዚያ ዘመን ከአዲስ አበባ በከሚሴና በደሴ አልፎ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የረሃብተኛ መሰብሰቢያ ሆኖ ነበር። ከዓመት ገደማ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ለኢትዮጵያ ሕዝብ አሳየ፤ ሲያሳይ ግን በመሐሉ ሌላ ሥዕል አስገባበት። በአንድ በኩል አጥንቱ የወጣ የወሎ ሕፃን፣ በሌላ በኩል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲያበሉ ይታያል። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያንን ምሽት ያዩ ሽማግሎች ዛሬም ሲናገሩ ቅድሚያ የሚያነሡት ውሾቹን ነው። የፊልሙ መቀስ ውሻንና ሕፃንን በአንድ ሚዛን ላይ አስቀመጠ፤ ከዚያ ምሽት ወዲህ ሚዛኑ ከአእምሯችን አልወረደም።

በሥዕሉ ውስጥ ያለው ቁጣ ተገቢ ቁጣ ነው፤ አልክደውም። ሆኖም ሚዛኑ ራሱ ትክክል ነውን? ወሎን ያስራበው ለውሻ የተጣለው ሥጋ አልነበረም። ዝናብ ሲቀር ጭሰኛው ከደረቀ ማሳ ላይ ግብር መጠየቁ ነው፤ የረሃቡ ወሬ ከጎዳናው ተነሥቶ እስኪሰማ ድረስ መታፈኑ ነው። ማስረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ደርግ የጭን ውሻ አልነበረውም። ቢሆንም በ1977 ዓ.ም. ወሎ ዳግመኛ ተራበ። ከከሚሴ ብዙም የማትርቀው ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ የምትታወቀዋ ባቲ፣ የረሃብተኞች መጠለያ ሆነች። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ታከብር ነበር። በዚያ ድግስ ላይ ማንም በውሻ አልተሳበበም። በውሻ ያላመካኘ መንግሥት ሰው መራቡን አላስቀረም፤ እንግዲህ ጥፋቱ መጀመሪያውንም የውሻው አልነበረም።

*

ይህ ሚዛን በእኛ ዘመን በሌላ መልክ መስኮቴ ድረስ መጥቷል። በከሚሴና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ብዙ ቤቶች ወደ ዓረብ አገር የሸኟት ልጅ አለቻቸው። ከጅዳ፣ ከዱባይ፣ ከቤሩት የተላከው ሐዋላ በእጃችን ያልፋል። እናቶች የሚስጥር ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ፤ ወረቀቱ በላብ ረጥቦ ቁጥሩ እስኪደበዝዝ ድረስ ጨብጠውት ይሰለፋሉ።

አንድ ቀን ከቤሩት የተመለሰች ወጣት ሒሳብ ልትከፍት መጥታ፣ ሲስተም ተቋርጦ ስንጠብቅ፣ በስልኳ ያለውን ፎቶግራፍ አሳየችኝ። ነጭ፣ ጆሮዋ የቆመ፣ ዓይኗ የፈጠጠ ትንሽ ውሻ ናት። «ይቺን ነው እኔ አራት ዓመት ያሳደግሁት ወንድሜ» አለችኝ። ምን ምን ታደርጊላት ነበር ብዬ ብጠይቃት የእንስሳት ሐኪም የሚጽፈውን ያህል በቃሏ ነገረችኝ። ምግቧ በቀን ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ ነው፤ ሆዷ ባዶ ሆኖ ከቆየ ትዝላለች። ሽንኩርት የነካው ነገር አይቀርብላትም። የበሰለ የዶሮ አጥንት አይሰጣትም፤ ተሰንጥቆ አንጀቷን ይወጋታልና። ስትወጣ ማሰሪያዋ ደረቷ ላይ እንጂ አንገቷ ላይ አይውልም፤ ጉሮሮዋ ስስ ነው። ከሶፋ ላይ እንድትዘል አይፈቀድላትም፤ ጉልበቷ ይወልቃል። ጥርሷ ጠባብ አፍ ውስጥ ስለተጨናነቀ በየቀኑ ይቦረሻል። ብርድ ሲሆን ሹራብ ትለብሳለች።

«ጥርሷን የምቦርሽ እኔ፣ ጥፍሯን የምቆርጥ እኔ፣ ስትታመም ሐኪም ቤት ይዣት የምሄድ እኔ። የኔ ጥርስ ሲያመኝ ግን፣ ጨው በውኃ አድርገሽ ተጉመጥመጪ ተባልሁ» አለችኝ።

«ታዲያ እኅቴ፣ ውሻዋን አልጠላሻትም?»

ስልኳን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች «ምን አድርጋኝ?» አለች። «ማዳም ስትጮህብኝ እሷም ወንበር ሥር ገብታ ትንቀጠቀጥ ነበር። ማንን እንደምትቆጣ አታውቅማ! እሷም እንደኔ በገንዘብ የመጣች ናት።»

እኔ ለዓመታት ግጥም ብጽፍ እንዲህ ያለ ስንኝ አልቋጠርሁም። በሚዛኑ ላይ በውሻዋ ትይዩ የተቀመጠችው ራሷ ናት፤ ሆኖም ፍርዷ ከፊልሙ ፍርድ የተለየ ነው። በደሏን የውሻዋ አላደረገችውም። በ2012 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ወረርሽኙ ሲጨመርበት፣ አሠሪዎች ደመወዝ ሳይከፍሉ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ዓለም በዜና ተመልክቷል። ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ያደሩት እኅቶቻችን የተጣሉት አንዲት ውሻ ስለተመቻት አይደለም። ሰውን አውጥቶ የሚጥል ልብ፣ ሲቸግረው ወይም ሲሰለቸው ውሻውንም አውጥቶ ይጥላል። ጣዩ አንድ ነው።

*

ይህንን የሚመሰክሩልን የሁለቱም ሃይማኖቶቻችን ታሪኮች ናቸው፤ በወሎ ደግሞ ሁለቱም የየቤታችን ናቸው። በሉቃስ ወንጌል ባለጠጋው ከማዕዱ ፍርፋሪ የነፈገው አልዓዛር በደጅ ተኝቶ ሳለ ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ውሾቹ ከድሀው ጎን ናቸው እንጂ ከማዕዱ ጎን አልተቀመጡም። በቁርኣንም በዋሻ ለተሸሸጉት ወጣቶች ከደጃፉ ላይ ክንዱን ዘርግቶ የተኛ ውሻ ከእነርሱ ጋር ይነሣል። በሐዲስ፣ ከጥማት የተነሣ ምላሱን ያወጣ ውሻ አይቶ ከጉድጓድ በጫማው ውኃ ቀድቶ ያጠጣ ሰው ኃጢአቱ እንደተማረለት ይነገራል። የውሻ ምራቅ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር እንዲታጠብ ያዘዘው ትምህርት ውኃ ማጠጣትንም አመስግኗል። ስለ ጠሃራ መጠንቀቅና መራራት ተጣልተው አያውቁም፤ የሚያጣላቸው የእኛ ስንፍና ነው።

የከሚሴ ሰው ውሻን ቤት አያስገባም፤ ሆኖም ከብቱንና ማሳውን ያለ ውሻ አያሳድርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስና ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ሲሸሽ፣ ከደጁ ያልተነቃነቀ ውሻ ነበር። የተዘጋ በር ሲጠብቁ የሰነበቱ ውሾች ስንመለስ ጎድናቸው ተቆጥሮ አገኘናቸው። የእኛ ውሻ ከቺዋዋ ይልቅ ጠንካራ ነው፤ አጥንት ፈልጎ ይኖራል፣ ብርድና ፀሐይ ይችላል። ቺዋዋ ግን አንድ ሳምንት ደጅ ብትጣል አትተርፍም። ትንሽነቷ የተፈጥሮ ብቻ አይደለም፤ ሰው በትውልድ ላይ ትውልድ እየመረጠና እያዳቀለ የሠራው ነው። ጭን ላይ እንድትቀመጥ ፈልገን አሳነስናት፤ እንድትወደን ፈልገን ከሰው መለየት የማትችል አደረግናት። ብድር የምለው ይህንን ነው። ራሱን እንዳይችል አድርገን የሠራነውን ፍጡር የመሸከም ግዴታ የኛ ነው።

ይህን የማነሣው ዛሬ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የፈረንጅ ውሻ መግዛት እንደ ጌጥ እየታየ ስለመጣ ነው። ቡችላው በስልክ ማስታወቂያ ይታያል፤ ዋጋው ይነገራል፤ ጠባዩን ግን የሚናገር የለም። ቺዋዋ በደኅና ከተያዘች ከ14 እስከ 16 ዓመት ትኖራለች። ይህ ከብዙ የባንክ ብድር የመክፈያ ጊዜ ይበልጣል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ በሚለው የአዲስ አበባ የሐምሌ ብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ በከሚሴ የቀትር ሐሩርም ጥላና ውኃ ካላገኘች ትደክማለች። ልጆች እንደ አሻንጉሊት ሲወረውሯት አጥንቷ ይሰበራል። በዓል ሲመጣ «ትቅመስ» ብሎ ዶሮ ወጥ የሚያጎርሳት ዘመድ ሳያስበው ይመርዛታል። እንግዲህ 16 ዓመት ለመክፈል ያልቆረጠ ሰው ባይበደር ይሻላል።

ደግሞም ትልቅ ትንሽ ሳይል ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ አገራችንም በብርቱ ከተጎዱት መካከል ናት። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ክትባት ግን ሁለቱንም፣ ውሻውንም የጎረቤትን ልጅ ወይም የራስን ልጅም ያድናል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ሳይውል ሳያድር በሳሙናና በብዙ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። በየከተማው ለውሻ መርዝ መጣል የሚያስከትለው ሥቃይ እንጂ መፍትሔ አይደለም፤ የተከተበው ውሻ ሞቶ ያልተከተበው ከሌላ ሰፈር ይመጣልና። እዚህ ላይ ውሻንና ሕፃንን በሚዛን ማስቀመጥ ጨርሶ ስሕተት እንደሆነ በግልጽ ይታያል፤ የአንዱ ደኅንነት የሌላው ደኅንነት ነው።

«ሰው በተቸገረበት አገር ስለ ውሻ?» የሚለው ጥያቄ አሁንም እንደሚነሣ አውቃለሁ። ገንዘብ ቆጣሪ ነኝና አንድ ብር ሁለት ቦታ እንደማይውል አልስተውም። ለውሻ ሹራብ ገዝቶ ለቤት ሠራተኛው ደመወዝ የሚከለክል ሰው አለ፤ በእርሱ ላይ የሚፈረድ ፍርድ ይፈረድበት። ሆኖም ፍርዱ በሰውየው ላይ ይሁን። የመንቀጥቀጥን ትርጉም ከትንሽ ውሻ የተማረ ሰው፣ ያንኑ መንቀጥቀጥ በወጥ ቤቱ ባለች ልጅ ትከሻ ላይ ሲያይ አላየሁም ለማለት ምክንያት አይኖረውም። እኔ የምፈራው ለውሻ የሚራራውን አይደለም። ለማንኛውም ዓይነት ለቅሶ ጆሮውን ደፍኖ፣ ውሻን ሲያይ ብቻ «የሰው ችግር» ትዝ የሚለውን ነው።

ብዕር ለምትይዙ ወገኖቼ የምለው አጭር ነው። ውሻን ለስድብና ለምሳሌ መበደሩን ለጥቂት ጊዜ እንተወው። ከስንዝር በማይበልጥ ቁመት ሆኖ የጫማ አገር ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል፣ በተዘጋ በር ፊት መጠበቅ ምን እንደሚመስል እንጻፍ። ከቤሩት የመጣችው እኅቴ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጽፋዋለች። ሉሉ መቃብሯ ላይ ድንጋይ ተተክሎላታል፤ መጽሐፍም ተጽፎባታል። እስካሁን ያልተጻፈው ፍርሃቷ ነው።